ክረምትን በቋሚ ብስክሌት፦ በጎጃም ደጋ የብስክሌተኛን አቅም ስለ መጠበቅና ማሳደግ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በጎጃም ደጋ፣ በተለይም በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት የብስክሌተኛውን የልምምድ ዓመት ለሁለት ይከፍለዋል። ይህ ጽሑፍ በቋሚ ብስክሌት የሚደረግ አጭርና ብርቱ ልምምድ ክፍተቱን ሊሸፍን ይችል እንደሆነ፣ ቀደም ሲል የታተሙ ሙከራዎችን በመዳሰስና ውጤታቸውን በዓባይ ሸለቆ ዳገት ላይ በስሌት በመመዘን ይመረምራል። ዳሰሳው የሚያደርሰው መደምደሚያ ይህ ነው፦ የልምምዱ ብርታት እስካልቀነሰ ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን የሚደረግ የቋሚ ብስክሌት ልምምድ የተገነባን አቅም ክረምቱን ሙሉ ለመጠበቅ ይበቃል፤ በሚገባ ከተመራም ሊያሳድገው ይችላል። ሆኖም ውጤቱ በደጋው አየር ላይ በተወሰደ መለኪያ መመዘን አለበት፤ የመንገድ ችሎታንም አይተካም።

ቁልፍ ቃላት፦ ቋሚ ብስክሌት፣ ኢንተርቫል፣ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም፣ ደጋ፣ ክረምት፣ ዓባይ ሸለቆ

1. መግቢያ

የብስክሌት ስፖርት በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. በ1956 የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሩዋንዳ ርእሰ ከተማ በኪጋሊ ተካሂዷል። ዳገታማ መልክዓ ምድር ያላቸው የአፍሪካ አገሮች በዚህ ስፖርት ተመልካች ብቻ ሆነው እንደማይቀሩ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ጎጃም ለዚህ ስፖርት የሚሆን ተፈጥሮ አላት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሰሜን ምሥራቅ የጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በደቡብ ደግሞ ከደጀን ወዲያ የዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ አገር የሚያድግ ወጣት ዳገትን ለመለማመድ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የሚያስቸግረው የዓመቱ አከፋፈል ነው። የአካባቢው ዓመታዊ ዝናብ አብዛኛው በክረምት ወራት ይወርዳል። የጠጠርና የአፈር መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ፤ አስፋልቱ ይንሸራተታል፤ ጉም በሚወርድበት ሰዓት ደግሞ የጭነት መኪና ሾፌር ብስክሌተኛውን የሚያየው በጣም ከቀረበ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ብስክሌተኛው በበጋ ያጠራቀመውን አቅም በክረምት ይበትናል፤ በጥቅምትም እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህ በየዓመቱ ከተደጋገመ አቅሙ የሚያድግበት ጊዜ አያገኝም።

በአንጻሩ በትምህርት ተቋማት፣ በወጣት ማእከላትና በግል ጂምናዚየሞች ቋሚ ብስክሌት ማግኘት እየተለመደ መጥቷል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያገለግለው ለሰውነት ማሟሟቂያና ክብደት ለመቀነስ ነው። ይህ መሣሪያ ለውድድር ብስክሌተኛ የክረምት ልምምድ ምን ያህል ሊጠቅም ይችላል? ጽሑፉ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው።

2. የዓባይ ሸለቆ ዳገት እንደ መመዘኛ

የልምምድን ጥቅም በቁጥር ለመመዘን የታወቀ ዳገት ይረዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያሻግረው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ አቀበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ ለአገልግሎት ከበቃው የህዳሴ ድልድይ ተነሥቶ ደጀን ለመድረስ ከ1300 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ያስፈልጋል።

ብስክሌተኛው፣ ብስክሌቱ፣ ውኃውና ልብሱ በአንድነት 75 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። ይህን ክብደት 1300 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሥራ 956 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ብስክሌተኛው በአማካይ 200 ዋት የሚያመነጭ ቢሆን፣ የነፋስንና የጎማን ሰበቃ ሳንቆጥር፣ ዳገቱን ለመጨረስ 80 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ኃይሉ በ4 በመቶ አድጎ 208 ዋት ቢሆን ወደ 77 ደቂቃ ይወርዳል። እውነተኛው ሰዓት ሰበቃው ሲጨመርበት ከዚህ ይረዝማል፤ ንጽጽሩ ግን የሚያሳየውን ያሳያል። እንዲህ ባለ ረጅም ዳገት ላይ ወሳኙ ነገር ለአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ ሊዘልቅ የሚችል ኃይል ነው። ይህን ኃይል በዚህ ጽሑፍ «ዘላቂ ኃይል» ብለን እንጠራዋለን። ቋሚ ብስክሌት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሠለጥነው ይህንኑ አቅም መሆኑ ለጎጃም ብስክሌተኛ መልካም አጋጣሚ ነው።

3. ልምምድ ሲቋረጥ የሚደርሰው ጉዳት

የክረምት ዕረፍት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1984 ኮይልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ጠቃሚ ነው። በጽናት ስፖርት በሚገባ የሠለጠኑ 7 ሰዎች ልምምዳቸውን ለ84 ቀናት እንዲያቆሙ ተደረገ። ሰውነታቸው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ብቻ በ7 በመቶ ቀነሰ፤ ከ56 ቀናት በኋላም ከቀድሞው በ16 በመቶ ዝቅ ብሎ ረጋ። ለመጀመሪያው ፈጣን መቀነስ ዋነኛው ምክንያት ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ማነሱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ጡንቻዎች ኦክስጅንን ከደሙ ተቀብለው የመጠቀም ችሎታቸው ከመዳከሙ ጋር ይያያዛል።

84 ቀን ማለት 12 ሳምንት ነው፤ ከሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ማብቂያ እስከ ጳጉሜን መግቢያ ያለው ጊዜ መሆኑ ነው። ዘላቂው ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል ብለን ብናስብ፣ 200 ዋት የነበረው ብስክሌተኛ ወደ 168 ዋት ይወርዳል። ከላይ በተሰላው ዳገት ላይ ይህ 80 ደቂቃውን ወደ 95 ደቂቃ ይገፋዋል። በበጋው የተለፋበት ብዙ ድካም በአንድ ክረምት ዕረፍት ይታጠባል ማለት ነው።

ተስፋ የሚሰጠው ውጤት የተገኘው ከሂክሰንና ባልደረቦቹ ተከታታይ ጥናቶች ነው። ተሳታፊዎቹ በብስክሌትና በሩጫ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ለ10 ሳምንት ብርቱ ልምምድ ካደረጉ በኋላ ለ15 ሳምንት ልምምዱ እንዲቀነስላቸው ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመው ሥራ የቀናቱ ብዛት ወደ 4 ወይም ወደ 2 ሲወርድ ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም ሳይወርድ ቆየ። በ1982 ደግሞ ቀናቱ ሳይነኩ የአንዱ ቀን ርዝመት ወደ 26 ወይም ወደ 13 ደቂቃ ሲያጥር እንዲሁ ተጠበቀ። በ1985 ግን ቀናቱና ደቂቃዎቹ እንዳሉ ሆነው የልምምዱ ብርታት በሲሶ ወይም በሁለት ሦስተኛ ሲቀንስ አቅሙ አልጸናም።

ከእነዚህ ጥናቶች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ጊዜ ሲያጥር ቀናትን መቀነስ ይቻላል፤ ደቂቃዎችንም በመጠኑ መቀነስ ይቻላል፤ ብርታትን መቀነስ ግን አይገባም። በቋሚ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ፣ ሙዚቃ እያዳመጡና እያወጉ፣ ለአንድ ሰዓት በዝግታ መርገጥ የተለመደ የጂምናዚየም አሠራር ነው። ለጤና ጥቅም አለው፤ የሠለጠነን ብስክሌተኛ አቅም ለመጠበቅ ግን በቂ አይደለም።

4. ብርቱ ልምምድ በቋሚ ብስክሌት፦ የሙከራዎች ዳሰሳ

አቅምን ከመጠበቅ አልፎ ማሳደግ ይቻላልን? በደቡብ አፍሪካ ሊንድሴይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት 8 ተወዳዳሪ ብስክሌተኞች ከሳምንታዊ ልምምዳቸው 15 በመቶ የሚሆነውን በላቦራቶሪ በሚደረግ ኢንተርቫል (በአጭር ዕረፍት የተከፋፈለ ብርቱ ልምምድ) ተኩ። ልምምዱ ከ6 እስከ 8 ጊዜ የሚደጋገም የ5 ደቂቃ ርግጫ ሲሆን፣ በመካከል የ1 ደቂቃ ዕረፍት ነበረው። ብርታቱም ከእያንዳንዱ ብስክሌተኛ ከፍተኛ ኃይል 80 በመቶ ነበር። በ4 ሳምንት ውስጥ 6 ልምምድ ብቻ አድርገው የ40 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው በአማካይ ከ56.4 ደቂቃ ወደ 54.4 ደቂቃ ተሻሻለ፤ ከፍተኛው ኃይላቸውም ከ416 ዋት ወደ 434 ዋት፣ ማለትም በ4 በመቶ ገደማ አደገ። ከላይ በዓባይ ዳገት ስሌት የተጠቀምንበት 4 በመቶ የተወሰደው ከዚህ ነው።

ሮነስታድና ባልደረቦቹ ደግሞ በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ዓይነት ኢንተርቫሎችን አነጻጸሩ። አንደኛው ቡድን 30 ሰከንድ በርትቶ 15 ሰከንድ እየቀለለ 13 ጊዜ ይደጋግማል፤ ይህንንም በ3 ደቂቃ ዕረፍት እየለየ ሦስት ጊዜ ይሠራል። ሁለተኛው ቡድን 5 ደቂቃ እየበረታ አራት ጊዜ ይሠራል። ሁለቱም በሳምንት ሁለት ቀን ለ10 ሳምንት ሠሩ። የተሻለ እድገት ያሳየው አጫጭሩን የሠራው ቡድን ነው። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ 15 ሰከንዷ ድካሙን ስለምታስታግስ ብስክሌተኛው በርትቶ የሚቆይበት ጠቅላላ ጊዜና የሚያመነጨው አማካይ ኃይል ይጨምራል የሚል ነው።

በጂምናዚየሞቻችን «ታባታ» በሚል ስም ስለሚታወቀው ልምምድም አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢዙሚ ታባታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት የተሠራው በቋሚ ብስክሌት ላይ ነው። 20 ሰከንድ ርግጫና 10 ሰከንድ ዕረፍት ከ7 እስከ 8 ጊዜ የሚደጋገም ሲሆን፣ ብርታቱ ከፍተኛውን የኦክስጅን አጠቃቀም ከሚያስገኘው ኃይል 170 በመቶ ያህል ነበር። ተሳታፊዎቹ ከስምንተኛው ዙር ሲያልፉ መቀጠል ያቅታቸው ነበር። ስለዚህ የሰከንዶቹን አከፋፈል ብቻ ወስዶ ብርታቱን የተወ ልምምድ ከዚያ ጥናት ውጤት ሊጠብቅ አይችልም።

5. በደጋ አየር ላይ መለካት

ከላይ የተዘረዘሩት ሙከራዎች በብዛት የተሠሩት ከደብረ ማርቆስ እጅግ ዝቅ ባሉ ስፍራዎች ነው። በ2400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይሳሳል። ደጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ አየሩን ቢለምድም፣ ሊዘልቅ የሚችለው ኃይል በባሕር ወለል ሊያመነጭ ከሚችለው ያነሰ ነው። ከዚህም ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ በውጭ መጻሕፍት ወይም በስልክ መተግበሪያዎች የሚገኙ የዋት ሰንጠረዦች ለደብረ ማርቆስ ብስክሌተኛ እንደ ቀጥተኛ መስፈርት መወሰድ የለባቸውም። 1800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር የተለካ ውጤት እንኳ ከደብረ ማርቆሱ ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ብስክሌተኛው መነጻጸር ያለበት በዚያው ከተማ፣ በዚያው መሣሪያ ላይ ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ነው።

ሁለተኛ፣ በጎዳና ላይ የሳሳው አየር ሁለት ፊት አለው፤ ኦክስጅኑን ሲቀንስ የነፋሱንም ግፊት ይቀንሳል። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር በመሸፈን ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ከደብረ ማርቆስ በመጠኑ ዝቅ በምትለው በሜክሲኮ ሲቲ ነበር፤ ስፍራው የተመረጠውም ለዚህ ነው። በቋሚ ብስክሌት ላይ ግን የሚገፋ ነፋስ ስለሌለ ይህ ጥቅም አይገኝም፤ የኦክስጅኑ ማነስ ብቻ ይቀራል። ስለሆነም በቤት ውስጥ የተገኘው የዋት ቁጥር በጎዳና ካለው ስሜት ሲያንስ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ሦስተኛ፣ የመሣሪያውን ዓይነት ማወቅ ያሻል። ጭነቱን በፋን (በአየር ማራገቢያ) የሚፈጥር ቋሚ ብስክሌት በሳሳ አየር ላይ ይቀልላል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ የርግጫ ፍጥነት በደጋና በቆላ የሚጠይቀው ኃይል የተለያየ ነው። ጭነቱን በማሰሪያ ቀበቶ ሰበቃ የሚፈጥረው ግን በከፍታ አይለወጥም።

ይህ የኋለኛው ዓይነት ለእኛ ሁኔታ ሌላም ብልጫ አለው፤ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ኃይሉም በእጅ ሊሰላ ይችላል። በስዊድን የተሠራውና በብዙ የስፖርት ሳይንስ ላቦራቶሪዎች የሚታወቀው ሞናርክ የዚህ ምሳሌ ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የመሽከርከሪያው ጠርዝ 6 ሜትር ይጓዛል። በዚህም መሠረት በሚዛኑ ላይ የሚነበበው የጭነት ኪሎ በደቂቃው የፔዳል ዙር ሲባዛ በዋት የሚለካውን ኃይል በጣም በተቀራረበ ሁኔታ ይሰጣል። ለምሳሌ 2.5 ኪሎ ጭነት በ80 ዙር ሲረገጥ 200 ዋት ይወጣል፤ ትክክለኛው ስሌት 196 ነው። የሰዓት ቆጣሪና ዙር የሚቆጥር ባልንጀራ ካሉ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ዘላቂውን ኃይል ለመገመት የተለመደው መንገድ ከበቂ ማሟሟቂያ በኋላ ለ20 ደቂቃ በሚቻለው ሁሉ እኩል በሆነ ብርታት መርገጥና የአማካዩን ኃይል 95 በመቶ መውሰድ ነው። 196 ዋት ያስመዘገበ ሰው ዘላቂ ኃይሉ 186 ዋት ያህል ነው፤ የሰውነቱ ክብደት 60 ኪሎ ከሆነ በኪሎ 3.1 ዋት ይደርሰዋል። በዳገት ላይ መጨረሻ የሚቆጠረው ይህ በኪሎ የተካፈለው ቁጥር ነው።

6. ለ12 ሳምንት ክረምት የቀረበ ዕቅድ

ከላይ በተዳሰሱት ግኝቶች ላይ በመመሥረት የሚከተለው ዕቅድ ቀርቧል። ዕቅዱ በበጋው በመደበኛነት ሲለማመድ ለቆየ ጤነኛ ብስክሌተኛ የታሰበ ነው። ጀማሪ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ የሐኪም ምክር ሊያገኝ ይገባል።

ዝግጅት። የቋሚው ብስክሌት ኮርቻ ከፍታ ከራስ ብስክሌት ጋር መመሳሰል አለበት። ከፔዳሉ መሐል እስከ ኮርቻው አናት ያለውን ርቀት በክር ለክቶ ማስተላለፍ ይበቃል። ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ በመጠኑ እንደታጠፈ መቆየት አለበት። ከዚያም የ20 ደቂቃው ፈተና ተወስዶ ውጤቱ፣ ቀኑና የመሣሪያው ዓይነት በደብተር ይመዘገባሉ።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከ15 ደቂቃ ማሟሟቂያ በኋላ፣ የ5 ደቂቃ ርግጫ በ1 ደቂቃ ዕረፍት። በ4 ድግግሞሽ ተጀምሮ ወደ 6 ይደርሳል። ትክክለኛው ብርታት የሚታወቅበት ምልክት ይህ ነው፦ የመጨረሻው ዙር ኃይል ከመጀመሪያው እኩል መሆን አለበት። መጨረሻው ከወረደ ጅማሬው ከልክ አልፎ ነበር፤ መጨረሻው ያለ ችግር ካለፈ ደግሞ ጭነቱ ያንሳል።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት። አንዱ ቀን እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፤ ሌላው ቀን በ30 ሰከንድና በ15 ሰከንድ ኢንተርቫል ይተካል። በቀበቶ በሚሠራ ብስክሌት ላይ በየ15 ሰከንዱ ጭነት መቀያየር ስለማይመች ጭነቱን ሳይነኩ የርግጫውን ፍጥነት ማውረድ ይሻላል። በ5 ደቂቃው ቀን አንድ ወይም ሁለት ዙር በደቂቃ 60 ርግጫ ብቻ፣ ነገር ግን በከበደ ጭነት ይሠራ። 3.3 ኪሎ በ60 ዙር ከ2.5 ኪሎ በ80 ዙር ጋር ተቀራራቢ ኃይል ይሰጣል። የዓባይ ዳገት የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ዘገምተኛና ከባድ ርግጫ ነው።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት። ሁለቱም ቀናት በአጫጭር ኢንተርቫል ይሞላሉ። ማለዳው ብራ በሆነ ቀን አንድ ረዘም ያለ የጎዳና ጉዞ ይጨመራል። በ12ኛው ሳምንት ማብቂያ የ20 ደቂቃው ፈተና በዚያው መሣሪያ ላይ ይደገማል።

የአካባቢውን አኗኗር ያላገናዘበ ዕቅድ በወረቀት ላይ ይቀራል። ብዙው ብስክሌተኛ ጾመኛ በመሆኑ ለብርቱ ልምምድ ከረቡዕና ከዓርብ ይልቅ ማክሰኞና ቅዳሜ ይመቻሉ። ነሐሴ 1 ቀን በሚገባው በፍልሰታ ግን ቀን በመቀየር ማምለጥ አይቻልም። በዚያን ጊዜ ልምምዱን ወደ መፈሰኪያው ሰዓት አቅርቦ፣ ወዲያው በኋላ እንጀራ በሽሮ፣ ድንች ወይም ቆሎ መመገብና በቂ ውኃ መጠጣት ይመከራል። አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ የድግግሞሹ ብዛት ይቀነስ እንጂ ብርታቱ አይቀነስ፤ የሂክሰን ጥናት የሚደግፈው ይህንኑ ነው።

ሙቀትም ሊታሰብበት ይገባል። የሰው አካል ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ፔዳሉ የሚያደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ብቻ ሲሆን ቀሪው ሙቀት ይሆናል። 200 ዋት የሚረግጥ ሰው ከ600 እስከ 800 ዋት ሙቀት ያመነጫል። በጎዳና ላይ ይህን የሚያስወግድለት ነፋስ ነው፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ግን ሙቀቱ በሰውነቱ ላይ ተከማችቶ ኃይሉን ያዳክመዋል። የደብረ ማርቆስ የክረምት ብርድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ መስኮቶች ተከፍተው መሣሪያው አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ይቀመጥ።

7. ቋሚ ብስክሌት የማይሰጠው

የመሣሪያው ጥቅም ወሰን እንዳለው ካልተነገረ ምክሩ ጎዶሎ ይሆናል። ቋሚ ብስክሌት ሚዛን መጠበቅን አያስተምርም። በቡድን ውስጥ ከፊት ጎማ ጀርባ ተጠግቶ መጓዝን፣ በጠመዝማዛ መንገድ መታጠፍን፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬንን እያፈራረቁ መያዝን አያለማምድም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱበት በመሆኑ እነዚህ ችሎታዎች የሕይወት ጉዳይ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ ይታያል። ክረምቱን በቋሚ ብስክሌት የበረታ ወጣት በጥቅምት ወደ ጎዳና ሲወጣ እግሩ ከዓይኑና ከእጁ ቀድሞ ይሠለጥናል። ፍጥነቱ አድጓል፤ ፍጥነቱን የሚገራው ችሎታ ግን ለወራት ሳይነካ ቆይቷል። በመሆኑም ከክረምት በኋላ ያሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት መኪና በሚያንስበት መንገድ ላይ ለመታጠፍ፣ ለፍሬን አያያዝና ለቡድን ጉዞ መለማመጃ መዋል አለባቸው። አሠልጣኙም የዋቱን ውጤት ብቻ አይቶ ወደ ሸለቆው መላክ የለበትም።

ከዚህ በተጨማሪ አጫጭርና ብርቱ ልምምድ ለብዙ ሰዓታት የሚዘልቅን ውድድር ሙሉ በሙሉ አያዘጋጅም። ከላይ የተጠቀሱት ውጤቶችም በአብዛኛው የተገኙት ከጥቂት ሰዎች ነው። በደጋ ተወልደው ባደጉ ብስክሌተኞች ላይ፣ በዚሁ በደብረ ማርቆስ ከፍታ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚደረግ ሙከራ ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመጥንና በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ የሚችል ነው፤ አንድ በቀበቶ የሚሠራ ብስክሌት፣ አንድ የሰዓት ቆጣሪና አንድ ደብተር ይበቁታል።

8. ማጠቃለያ

የጎጃም ብስክሌተኛ ዳገትም፣ ከፍታም፣ ትጋትም አላነሰውም፤ የሚጎድለው ያልተቋረጠ ዓመት ነው። የተዳሰሱት ሙከራዎች እንደሚያመለክቱት 12 ሳምንት ሙሉ ማረፍ በዓባይ ዳገት ላይ በግምት 15 ደቂቃ ሊያስከፍል ይችላል። በአንጻሩ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየዕለቱ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ብርቱ ልምምድ ያንን አቅም ማቆየት ይቻላል፤ ጥቂት መጨመርም ይቻላል። የስኬቱ ቁልፍ ብርታቱን አለመቀነስ፣ ውጤቱን በዚያው ከፍታና በዚያው መሣሪያ መለካት፣ እንዲሁም ከክረምት በኋላ ለመንገድ ችሎታ ጊዜ መስጠት ነው።

በየተቋሙ የሚገኙ ቋሚ ብስክሌቶች ለማሟሟቂያ ብቻ ከሚውሉ፣ በክረምት ወራት በሳምንት ለሁለት ቀን፣ ለጥቂት ሰዓታት፣ ለአካባቢው ወጣት ብስክሌተኞች ክፍት ቢደረጉ ተጨማሪ በጀት ሳይጠየቅ የሚገኘው ጥቅም ከፍተኛ ይሆናል። በጥቅምት ከዜሮ የማይጀምር ብስክሌተኛ ከዓመት ዓመት አቅሙን እየደራረበ ለመሄድ ዕድል ያገኛልና።